ሳይቀምሱ ማብሰል፤ ስለ አሳማ የሆድ ሥጋና ስለሚቆረጠመው ቆዳው

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የመረጥኩት ርእስ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ እንደሚሆን አውቃለሁ። የምናገረው የአሳማ የሆድ ሥጋ በቤት ምድጃ እንዴት እንደሚጠበስና ቆዳው እንደ ቆሎ የሚቆረጠም እንዲሆን ምን እንደሚያስፈልግ ነው። የሆድ ሥጋ ስል የሆድ ዕቃ ማለቴ አለመሆኑን ከወዲሁ ላስታውስ። ከጎድን አጥንቶቹ አንሥቶ እስከ ታችኛው ሆድ የሚዘረጋው፣ ስቡና ቀዩ ሥጋ በየተራ ተነባብሮ የሚታይበት፣ በላዩም ቆዳው ያልተገፈፈለት ክፍል ነው። በሬና በግ ሲታረዱ ቆዳቸው ይገፈፋል፤ አሳማ ግን ብዙ ጊዜ በሙቅ ውሃ ተነክሮ ጠጉሩ ይላጭና ቆዳው ከሥጋው ጋር ለማድ ቤት ይቀርባል። የዛሬው ጉዳያችን ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ልዩነት ነው።

በአገራችን ይህ ሥጋ ከአብዛኛው ሰው ማዕድ የራቀ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 እንደተጻፈው ሰኰናው ቢሰነጠቅም የማያመሰኳ ነውና አይበሉትም። ሙስሊሞችም በቅዱስ ቁርኣን የተከለከለ ነውና አይቀምሱትም። እኔም ራሴ ከማይበሉት ወገን ነኝ። ታዲያ ስለማይበላው ነገር ምን አስጨነቀው የሚል ቢኖር መልሴ አጭር ነው፤ አንበላውም እንጂ እናበስለዋለን።

ከመካከላችን የውጭ አገር እንግዶች በሚያዘወትሯቸው ሆቴሎች የሚሠሩ አሉ። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካም በሆቴል፣ በሆስፒታልና በአረጋውያን መጦሪያ ማድ ቤቶች ተቀጥረው የሚሠሩ ወገኖቻችን አሉ። ለነዚህ ሁሉ የአሳማ ሥጋ የሥራ ትእዛዝ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ትእዛዙን በሃይማኖቴ ምክንያት አልቀበልም የሚል ሰው ሊከበርለት ይገባል፤ እርሱም ይህንን የሥራ ውል ሲዋዋል እንጂ እንግዳው ገበታ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ሊናገር አይገባውም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ሰው ነው፤ ለመሥራት ከተስማማ በኋላ «እኔ አልበላው፤ ምን ቸገረኝ» እያለ ዓይኑን ጨፍኖ እሳት ላይ የሚጥለው ባለሙያ። የሚበላው ሰው ከፊቱ የቀረበለትን ማዕድ የሚቀበለው በእምነት ነው። ያበሰለው ሰው አለመቅመሱን አያውቅም፤ ከሳህኑም ላይ ሊያውቀው አይገባም።

ስለዚህ ጥያቄው የማይቀምስ ባለሙያ ምግቡን በሚገባ ሊያበስል ይችላል ወይ የሚል ነው። ይችላል ብዬ አምናለሁ። ለምሳሌነትም ይህንን ምግብ የመረጥኩት ለዚሁ ነው፤ ዋናው ጥራቱ የሚመዘነው በምላስ ሳይሆን በጆሮ፣ በዓይን፣ በሚዛንና በቴርሞሜትር ነውና።

ምግቡ ቤተኛ ከሆነባቸው አገሮች አንዷን በማየት ልጀምር። በዴንማርክ ቆዳው ሳይገፈፍ በምድጃ የሚጠበሰው የአሳማ ሥጋ ፍሌስከስታይ ይባላል፤ ከጎድንና ከሆድ የተቆረጠው ደግሞ ሪበንስታይ የሚል የራሱ ስም አለው። በእነርሱ አቆጣጠር ዲሴምበር 24 ቀን ምሽት፣ በልደት ዋዜማ፣ ከዳክዬ ጋር ተወዳድሮ በብዙ ቤቶች ገበታ ላይ የሚወጣው ይኸው ነው። አብረውትም በስኳርና በቅቤ ተለውሰው ቡናማ የሆኑ ትንንሽ ድንቾች፣ በአቼቶና በስኳር የበሰለ ቀይ ጥቅል ጎመን፣ ከሥጋውም ጭማቂ የተሠራ ስጎ ይቀርባሉ።

ይሁን እንጂ ምግቡ በዚህ መልኩ እንደሚመስለው ጥንታዊ አይደለም። የዴንማርክ ገበሬ ለብዙ ዘመን የሚያውቀው የአሳማ ሥጋ በጨው የታሸ ወይም በጢስ የደረቀ ነበር። በምድጃ የተጠበሰው በተራው ሰው ቤት የተስፋፋው መጋገሪያ ያለው የብረት ምድጃ በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ወደ ማድ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። በዚያው ዘመን የእህል ዋጋ በዓለም ገበያ ስለወደቀ ገበሬው ፊቱን ወደ ከብት እርባታ አዞረ። እ.ኤ.አ. በ1882 የመጀመሪያው የኅብረት ሥራ የወተት ፋብሪካ በዬዲንግ ተቋቋመ፤ ቅቤው ሲሸጥ፣ ስቡ የወጣለት ወተት ለአሳማ ቀለብ ሆነ። በ1887 ደግሞ የመጀመሪያው የኅብረት ሥራ የአሳማ ቄራ በሆርሰንስ ከተማ ሥራ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የዴንማርክ አሳማ በጨው እየታሸ ወደ እንግሊዝ ገበያ በብዛት ይጎርፍ ጀመር። የኅብረት ሥራን ታሪክ ለሚወዱ ባልደረቦች ይህ ራሱን የቻለ ርእስ ነው፤ እኔ ግን አልፈዋለሁ። የሆድ ሥጋውን ክብር ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ2014 የሆነውን ማንሣት ይበቃል። በዚያ ዓመት ሕዝቡ ብሔራዊ ምግቡን በድምፅ እንዲመርጥ በተጠየቀ ጊዜ ያሸነፈው ስተግት ፍሌስክ ነበር፤ ይኸውም የሆድ ሥጋው በስሱ ተቆርጦና ተጠብሶ ከፓርስሊ ስጎ ጋር የሚቀርብበት ምግብ ነው።

አሁን ወደ ቆዳው እንምጣ፤ የዚህ ምግብ ጭንቁ ሁሉ እዚያ ነውና። ቆዳ በአብዛኛው ውሃና ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። የኮላጅንን ጠባይ እኛ ኢትዮጵያውያን ስሙን ባንጠራው እንኳ በእጃችን እናውቀዋለን። ጥሬ ቆዳ በቀጭኑ ተልጦ ሲደርቅ ጠፍር ይሆናል፤ አልጋ ይጠፈርበታል፣ ቀንበር ይታሰርበታል፤ ጥርስ ግን አይበግረውም። ያው ቆዳ ብዙ ሰዓት ሲቀቀል ደግሞ ይሟሟና ሙጫ ይወጣዋል። የቅልጥም መረቅ ሲያድር የሚረጋውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ ጠፍርና ሙጫ የአንድ ነገር ሁለት መልኮች ናቸው፤ የሚለያያቸው ውሃና ሙቀት የደረሱበት ሁኔታ ነው። የሚቆረጠመው ቆዳ ሦስተኛው መልክ ሲሆን፣ የሚገኘውም መጀመሪያ ወደ ሙጫው አቅጣጫ ሄዶ፣ ቀጥሎ ወደ ድርቀት በመመለስ ነው።

ነገሩን ዘርዘር ላድርገው። ኮላጅን ሦስት ክሮች እንደ ገመድ ተገምደው የሠሩት ነው። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አለፍ ሲል ገመዱ ይኮማተራል፤ ቆዳውም ይሸማቀቅና ይጠነክራል። በዚህ ጊዜ ደረቅ እሳት ብቻ ካገኘው እንደ ጠፍር ደርቆ ይቀራል። በውስጡ በቂ ውሃ እያለ ሙቀቱ ወደ 80 ዲግሪና ከዚያም በላይ ደርሶ ከቆየ ግን ገመዱ ይፈታል፤ ክሮቹም ተለያይተው ውሃውን ይይዛሉ፤ ጄላቲን ይሆናሉ። ብዙ ሰው ቆዳው እንዲቆረጠም ከተፈለገ ከመጀመሪያው አንሥቶ ማድረቅ የሚገባ ይመስለዋል። እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ አስቀድሞ በውሃ መብሰል አለበት።

ከዚያ በኋላ ማድረቁ ይመጣል። ጄላቲን የሆነው ቆዳ ውሃ ከበዛበት እንደ ማስቲካ ይለጠጣል፤ ውሃው ፈጽሞ ካለቀ ደግሞ የሚነፋው ነገር ስለማይኖር እንደ ሸክላ ይደርቃል። ተፈላጊው በመካከል ያለው ነው። የአሳማ ቆዳ ብቻውን ለመክሰስ በከረጢት አሽገው የሚሸጡ ፋብሪካዎች ቆዳውን ቀቅለው፣ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህል ውሃ ብቻ እስኪቀርበት ካደረቁት በኋላ፣ ወደ 200 ዲግሪ በጋለ ስብ ውስጥ ይጥሉታል። በዚያን ጊዜ የሚሆነውን ለመረዳት ፈንዲሻን ማሰብ ነው። በበቆሎው ፍሬ ውስጥ ጥቂት ውሃ አለ። ፍሬው ሲግል ውሃው እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱም ሊያመልጥ ሲታገል በሙቀት የለሰለሰውን ስታርች ይነፋዋል፤ የተነፋውም ወዲያው ደርቆ አረፋ እንደያዘ ይቀራል። ከልክ በላይ የደረቀ በቆሎ አይፈነዳም፤ እሸቱም አይፈነዳም። በአሳማው ቆዳ የስታርቹን ቦታ ጄላቲን ይወስዳል እንጂ ሥራው ያው ነው። ጥርስ ሲያርፍበት የሚሰበረው የእነዚያ ጥቃቅን አረፋዎች ግድግዳ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከቆዳው በታች ያለው ሥጋ የራሱ ጥያቄ አለው። የሆድ ሥጋ ስብና ጅማት የበዛበት በመሆኑ ቀስ ብሎ፣ በመካከለኛ ሙቀት፣ ጭማቂውን ሳይጨርስ መብሰል ይፈልጋል። ቆዳው በመጨረሻ የሚፈልገው እሳት ሥጋውን ያደርቀዋል፤ ሥጋው የሚፈልገው እሳት ደግሞ ቆዳውን አይነፋውም። በአንድ ቁራጭ ላይ ሁለት ተቃራኒ ፍላጎቶች ስላሉ በአንድ የእሳት መጠን ብቻ ሁለቱንም ለማስደሰት መሞከር አድካሚ ነው። መፍትሔው እሳቱን በጊዜ መክፈል ነው፤ የዴንማርክም የቻይናም ባለሙያዎች በየበኩላቸው የደረሱበት ይኸው ነው።

በዴንማርክ ቤቶች ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ እንዲህ ነው። ሁለት ኪሎ ያህል የሚመዝን፣ ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ ቁራጭ ይመረጣል። አንዱ ጫፍ ቀጭን ሌላው ወፍራም ከሆነ ቀጭኑ ሲያር ወፍራሙ ገና ነውና ምርጫው ራሱ ግማሽ ሥራ ነው። ቆዳው በግማሽና በአንድ ሣንቲ ሜትር መካከል ባለ ርቀት፣ በትይዩ መስመር፣ ከዳር እስከ ዳር ይሰነጠቃል። ለዚህ የማድ ቤት ቢላዋ ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ስለታም የካርቶን መቁረጫ ምላጭ ገዝቶ፣ አጥቦ፣ ለዚሁ ሥራ ብቻ ማስቀመጥ ይሻላል። ስንጥቁ ቆዳውን አልፎ ስቡ ውስጥ መግባት አለበት፤ ቀዩን ሥጋ ግን መንካት የለበትም። ሥጋው ከተነካ ጭማቂው እየፈላ በስንጥቁ ይወጣና ቆዳውን ያረጥበዋል፤ የረጠበውም መስመር ሳይነፋ ይቀራል። በአገራቸው ባለ ሥጋ ቤቱ ሰንጥቆ ስለሚሸጠው የቤት እመቤቲቱ ከዚህ ጣጣ ነጻ ናት።

ቀጥሎ ጥልቀት ባለው ትሪ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ሣንቲ ሜትር የፈላ ውሃ ይደረግና ሥጋው ቆዳው ወደ ታች ሆኖ ይቀመጣል። በጋለ ምድጃ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቆያል። የሚነከረው ቆዳው ብቻ ነው። ቀደም ብዬ በውሃ መብሰል ያልኩት ይህ ሲሆን፣ ስንጥቆቹም በዚህ ጊዜ አፋቸውን ይከፍታሉ። በነገራችን ላይ፣ የአውሮፓን የምግብ መጽሐፍ ይዞ አዲስ አበባ ላይ የሚሠራ ባለሙያ አንድ ነገር ማስታወስ አለበት። በኮፐንሃገን፣ በባሕር ጠረፍ፣ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በእኛ ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ግድም ነው። ስለዚህ ከመጽሐፉ ጊዜ ላይ ጥቂት ደቂቃዎች መጨመር ይገባል።

ከዚያም ሥጋው ይወጣል፤ ቆዳው ተገልብጦ በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል። በየስንጥቁ መካከል ሻካራ ጨው በጣት ይታሻል። ጨው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ከቆዳው ላይ ውሃ ይስባል። ለማይቀምሰው ባለሙያ መጠኑን በሚዛን መወሰን ግዴታ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ሥጋ 15 ግራም ጨው ብዬ እሠራለሁ፤ ብዙ ተመጋቢዎችም በዚሁ ይስማማሉ። በስንጥቆቹ ውስጥ በሆቴል ማድ ቤት ቤይ ሊፍ የምንለው ቅጠል ይሰካል፤ ቅርንፉድ የሚጨምሩም አሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ትንሽ ቢመስልም ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው። ሥጋው በሽቦ ፍርግርግ ላይ ሲቀመጥ ቆዳው እንደ ጠረጴዛ ልክ መሆን አለበት። አንዱ ወገን ካዘቀዘቀ ስብና ጭማቂ እዚያ ይጠራቀማል፤ የተጠራቀመበትም ቦታ እንደ ላስቲክ ይቀራል። ዴንማርኮች ዝቅ ካለው ወገን ሥር ድንች ወይም የተጨማደደ የአሉሚኒየም ወረቀት ይሸጉጣሉ። ከፍርግርጉ በታች ባለው ትሪ ውስጥ ጥቂት ውሃ ይደረጋል፤ የሚንጠባጠበው ስብ እንዳያርና ለስጎ የሚሆን ጭማቂ እንዲገኝ ነው። ምድጃው ወደ 200 ዲግሪ ይደረግና ሥጋው መካከሉ 80 ዲግሪ እስኪደርስ ይጠበሳል። ለሁለት ኪሎ ቁራጭ እንደ ውፍረቱ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ዳኛው ግን ሰዓቱ ሳይሆን ቴርሞሜትሩ ነው። ለጤና ብቻ ከሆነ ከዚህ ያነሰ ይበቃል። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ለአሳማ ሥጋ ሙሉ ቁራጭ ይጠይቅ የነበረውን 71 ዲግሪ እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ 63 ዲግሪና የሦስት ደቂቃ ማሳረፊያ ዝቅ አድርጎታል። የሆድ ሥጋ ግን በ63 ዲግሪ ደኅና ቢሆንም ገና እንደ ጎማ ነው፤ ጅማቱ እንዲፈታ የበለጠ ሙቀት ያስፈልገዋል።

የመጨረሻው ምዕራፍ አጭርና አደገኛ ነው። ምድጃው ወደ 250 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ ወይም የላይኛው እሳት ብቻ ይበራል። ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ቆዳው ዓይናችን እያየ ይነፋል። በዚህ ጊዜ ከባለሙያው የሚፈለገው ችሎታ ከቦታው አለመነሣት ነው። በወርቃማና በጥቁር መካከል ያለው ልዩነት አንድ ስልክ ለማንሣት የሚበቃ ጊዜ እንኳ አይሰጥም። አንደኛው ወገን ቀድሞ ከደረሰ በዚያ ላይ ቁራጭ የአሉሚኒየም ወረቀት ጣል አድርጎ ሌላውን መጠበቅ ነው። ከምድጃ ከወጣ በኋላ ሥጋው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያርፋል፤ ነገር ግን ምንም አይከደንበትም። የበሬ ጥብስ ሲያርፍ መክደን የለመደ እጅ እዚህ ላይ ራሱን ይግታ፤ ከክዳኑ ሥር የሚታፈነው እንፋሎት የሁለት ሰዓት ድካምን በአምስት ደቂቃ ያለሰልሰዋል። ስጎም ከጎን ይቀርባል እንጂ በቆዳው ላይ አይፈስም።

ከዚህ የተለየው መንገድ የደቡብ ቻይና ነው። በጓንግዶንግና በሆንግ ኮንግ ይኸው የሆድ ሥጋ ሲው ዩክ ይባላል፤ በየጥብስ ቤቱ መስኮት በሜንጦ ተሰቅሎ ይታያል፤ በቺንግ ሚንግ በዓል ቀን ወደ ወላጆች መቃብር ይዘው የሚሄዱትም አሳማ በዚሁ ጥበብ የተጠበሰ ነው። ዴንማርክ ይሰነጥቃል፤ ካንቶን ይወጋል። ሥጋው መጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃ በፈላ ውሃ ይቀቀላል። ከዚያም ብዙ መርፌዎች በአንድነት በተሰኩበት መሣሪያ ቆዳው እንደ ወንፊት እስኪሆን ይወጋል። ጨውና አምስት ዓይነት ቅመም ያለበት ድቁስ ከሥጋው ወገን ብቻ ይታሻል፤ ድቁሱ ቆዳውን ከነካ ስለሚያርና ስለሚያረጥበው ከዚያ ይርቃል። ቆዳው አቼቶ ይቀባል፤ ከዚያም ሳይከደን ሌሊቱን በማቀዝቀዣ ውስጥ ያድራል። ማቀዝቀዣ ነፋሱ ደረቅ ስለሆነ እንደ ቋንጣ መስቀያ ያገለግላል። በማግሥቱ ብዙ የቤት ባለሙያዎች ቆዳውን በወፍራም የጨው ሽፋን ደፍነው ይጠብሱታል፤ ጨው እርጥበቱን ጠጥቶ እንደ ቅርፊት ሲነሣ ቆዳው ለመጨረሻው እሳት ተዘጋጅቶ ይገኛል። ውጤቱ እንደ ዴንማርክ በመስመር የተከፋፈለ ሳይሆን ወጥ ሆኖ በጥቃቅን አረፋ የተሞላ ነው፤ እነርሱም ከመልኩ ተነሥተው የሰሊጥ ቆዳ ይሉታል። በጥብስ ቤቶች ላዩ እስኪጠቁር ድረስ ካነደዱት በኋላ ጥቁሩን በቢላዋ ጀርባ ፍቀው ማስወገድ የተለመደ ነው። አዲስ ሠራተኛ ያንን ጥቁር ሲያይ ተበላሸ ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ለሚለኝ ባልደረባ ጣዕሙን እኔ አልፈርድም፤ አሠራሩን ግን እፈርዳለሁ። ትእዛዙ ለዛሬ ምሽት ከሆነ የዴንማርኩ ይሻላል፤ አንድ ቀን ካለው የካንቶኑ አስተማማኝ ነው፤ ምክንያቱም ማድረቁን ከእሳቱ ነጥሎ በራሱ ጊዜ ይጨርሰዋልና ለመጨረሻዋ ቅጽበት የሚተወው ሥራ ያንሳል። ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን ያቀረብኩት ግን ለማወዳደር ብቻ አይደለም። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የተራራቁ ማድ ቤቶች አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል መከተላቸው፣ በየሆቴሉ ሹክ እየተባለ የሚተላለፈው «ምስጢር» ምስጢር አለመሆኑን ያሳያል። ቤኪንግ ፓውደር መቀባት፣ ቢራ መርጨት፣ ፀጉር ማድረቂያ መሣሪያ ማናፈስ፣ እነዚህ ሁሉ ሲመረመሩ የሚጠቅሙት ወይ ቆዳውን ለማድረቅ ወይ ጠባዩን ለመለወጥ በረዱበት መጠን ብቻ ነው። ምክንያቱን የያዘ ሰው መንገዱን እንደ ምድጃው ሊለዋውጥ ይችላል።

አሁን ወደ አለመቅመስ ልመለስ። ሳይቀምሱ ማብሰል ለእኛ አዲስ ትምህርት ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ወደ እናቱ ጓዳ ይመለስ። ሃምሳ አምስት ቀን ጾመው የፋሲካን ዶሮ ወጥ በቀዳም ስዑር የሚሠሩ እናቶቻችን አንድ ጣት እንኳ ወደ አፋቸው አያደርሱም። የሽንኩርቱን መብሰል በመዓዛው፣ የበርበሬውን በቀለሙ፣ የወጡን መድረስ ቅባቱ ተንሳፎ ላይ ላዩን ሲወጣ ያውቃሉ፤ ጨዉን በእጃቸው ልክ ይመጥናሉ። ሌሊት ዶሮ ሲጮኽ የሚገድፈው ቤተሰብ ያንን ወጥ በዓመት ውስጥ ከሚበላው ሁሉ አብልጦ ያመሰግናል። ይህንን ችሎታ በመጽሐፍ ስላልጻፍነው ሙያ መሆኑን እንረሳለን። በውጭ አገር ማድ ቤት «ካልቀመስክ እንዴት ታበስላለህ» ተብላችሁ ስትጠየቁ መልሳችሁ ይቅርታ መጠየቅ መሆን የለበትም።

በአሳማው ቆዳ ደግሞ ጆሮ ከምላስ የበለጠ ዳኛ ነው። በጥብሱ መጀመሪያ ከምድጃው የሚሰማው ድምፅ የማያቋርጥና የሚንቸሰቸስ ነው፤ ውሃ በጋለ ስብ ውስጥ ሲወጣ የሚያሰማው ነው። ውሃው ሲያንስ ንቸሳው እየሳሳ ይሄዳል። እሳቱ ከፍ ሲል ደግሞ እንደ ፈንዲሻ ድስት የተነጣጠለ ፍንዳታ ይጀምራል። ፍንዳታው ሲረግብ ምድጃውን መክፈት ነው። በቢላዋ ጀርባ ቆዳውን ስናንኳኳው ባዶ ሣጥን እንደተመታ የሚያስተጋባ ከሆነ ደርሷል፤ ድፍን ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ግን ገና ውሃ አለበት። ቢላዋውን በአግድም ስንጎትተው በደረቅ ጠጠር ላይ እንደሚሄድ መንኮሻኮሽ አለበት። ይህ የእኔ አባባል ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ማሲሚሊያኖ ዛምፒኒና ቻርልስ ስፔንስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት የድንች ጥብስ የሚበሉ ሰዎች በጆሮ ማዳመጫ የራሳቸውን የአኝካክ ድምፅ እንዲሰሙ አድርገው፣ ድምፁ ከፍ ሲደረግ፣ በተለይም ቀጭኑ ድምፅ ሲጎላ፣ ያው ጥብስ የበለጠ ትኩስና የሚቆረጠም እንደመሰላቸው አሳይተዋል። ተመጋቢው ራሱ በከፊል የሚበላው በጆሮው ከሆነ የእኛ ጆሮ ለምን ይናቃል?

ከዚህ ጋር ተያይዞ አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ርእሴን ግማሽ አድርጌ መተዌ ነው። ምግቡን አሳምሮ ለሚበላው ማቅረብ አንድ ግዴታ ነው፤ የማይበላውን መጠበቅ ሌላው ግዴታ ነው፤ ሁለተኛውን ከእኛ የበለጠ የሚያውቀው ሊኖር አይገባም። አሳማ የተቆረጠበት ሰሌዳ፣ የተሰነጠቀበት ምላጭ፣ የተጠበሰበት ፍርግርግ ተለይተው ይቀመጡ። ቀለም ይቀቡ፤ ወይም ምልክት ይደረግባቸው። ሥጋውን ሳናይ የምንቀበለውም አለ። ዛሬ ስለ ቆዳው የተናገርኩት ኬሚስትሪ በፋብሪካ ሲሠራበት የሚገኘው ጄላቲን ነው፤ በአውሮፓ ለምግብ ከሚመረተው ጄላቲን ብዙው ክፍል ከአሳማ ቆዳ የሚወጣ ነው። እርሱም በሚረጋ ጣፋጭ፣ በከረሜላ፣ በአንዳንድ እርጎና ኬክ ውስጥ ይገባል። አንድ እንግዳ ይህ ጣፋጭ አሳማ አለበት ወይ ብሎ ሲጠይቅ የእሽጉን ጽሑፍ ሳያነብ «የለበትም» የሚል ባለሙያ ቆዳው ካልተነፋለት ባለሙያ ይልቅ እጅግ የከፋ ጥፋት አጥፍቷል። የምናሠለጥናቸው ወጣቶች ቴርሞሜትርና ሚዛን መጠቀምን የመጀመሪያው ወር ትምህርት አድርገው እንዲማሩ፣ የእሽግ ጽሑፍ ማንበብንም ከቢላዋ አያያዝ ጋር አንድ ላይ እንዲለማመዱ ማኅበራችን ለማሠልጠኛዎቹ ሐሳብ እንዲያቀርብ እጠይቃለሁ።

የቀረው ስለ መቁረጡና ስለ ተረፈው ነው። ሥጋው ካረፈ በኋላ ቆዳው ወደ ታች ተደርጎ ይገለበጥና ከሥጋው ወገን ይቆረጣል፤ ከላይ የሚጫን ቢላዋ የተነፋውን ቆዳ ከስቡ ያላቅቀዋልና። በዴንማርክ መንገድ ከተሠራ ቢላዋው የተሰነጠቀበትን መስመር ተከትሎ ይሄዳል፤ በካንቶኑ ግን ከባድ መክተፊያ ቢላዋና አንድ ቁርጥ ምት ያስፈልጋል። ዴንማርኮች የተረፈውን በማግሥቱ ከቀይ ጥቅል ጎመንና ከኮመጠጠ ዱባ መሳይ ኪያር ጋር በዳቦ መካከል አድርገው ይበሉታል። ያደረው ቆዳ ከአየሩ እርጥበት ስለሚጠጣ ይለሰልሳል፤ በላይኛው እሳት ሥር ለጥቂት ደቂቃ ብቻውን ቢመለስ እንደገና ይነቃል። በትሪው ሥር የተጠራቀመው ስብ ተጠልሎ በማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ ነጭና ንጹሕ ሆኖ ሲረጋ ከላም ቅቤም ከአትክልት ቅባትም ለመለየት ያስቸግራልና፣ ብርጭቆው ከመዘጋቱ በፊት በላዩ ምን እንደሆነና የተሠራበት ቀን በጉልህ ይጻፍበት።